እንዶድ ይታጠቡበታል እንጂ አይጠጡትም

ባለፈው አርብ ስንሰበሰብ ተራው የእኔ ስለነበረ ስለ አገር ቤት መድኃኒት ተናግሬ ነበር። ፈቃድ አጥታችሁ ያልመጣችሁ ብዙ ስለሆናችሁ "ጽፈሽ አምጪው፣ ይባዛል" ተባልኩ። እኔ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ትምህርት ቤት የተማርኩትን፣ ከዚያ ወዲህ ሥራ ጨርሼ ማታ ማታ ያነበብኩትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ነገሩን ያስነሳው አንድ ሌሊት ነው። እኔ ባለሁበት ኢማራ ከላይኛው ፎቅ የምትሠራ አንዲት እህታችን ነበረች፤ ስሟን አልጠራም። ከአገር ቤት የተመለሰች ሴት ዕቃ አምጥታላት ነበር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጤና አዳም፣ በትንሽ ፌስታል ደግሞ የደረቀ እንዶድ። እንዶዱን ለነጠላዋ ያስመጣችው መስሎኝ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በዋትሳፕ ድምፅ ላከችልኝ። ቃል የለውም፤ የሚሰማው ማስመለሷ ብቻ ነው። ጫማዬን አውልቄ በደረጃው ወጣሁ። እየተሳበች መጥታ በሩን ከፈተችልኝና እዚያው ወለሉ ላይ ተዘረረች። ከላይም ከታችም ይወርዳታል፤ እጅና እግሯ በረዶ ሆኗል። እንዶዱን ወቅጣ፣ በጥብጣ፣ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ጠጥታለች። ለምን እንደጠጣችው አልጽፍም። በዚህ አገር እንዲያ ያለ ጭንቅ ሲመጣ ለማን ተብሎ እንደማይነገር ሁላችንም እናውቃለን።

"ምን ነክቶሽ ነው?" ስላት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ "መድኃኒት ነው እኮ፤ ዶክተር አክሊሉ የተሸለሙበት" አለችኝ።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ምክንያቱም ዶክተር አክሊሉን እኔም አውቃቸዋለሁ፤ 9ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፋችን ላይ ነበሩ። እሷም የሰማችው እውነት ነው፤ ተሸልመዋል። ግን እሳቸው ያገኙትና እሷ የጠጣችው የተለያየ ነገር ነው። በዚህ መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ስላልነገራት ልትሞት ነበር። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

እኔ ያደግሁት ከሚሴ አካባቢ ነው። ቦርከና ወንዝ አጠገብ። ልጅ ሆነን ውሃ ልንቀዳ እንወርዳለን፣ ልብስ ልናጥብ እንወርዳለን፣ ሙቀቱ ሲበዛብን ደግሞ እንዋኛለን። በኛ ሰፈር ሆዱ የተነፋ፣ እግሩ የቀጠነ፣ ሰገራው ደም የቀላቀለ ልጅ ብርቅ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜም እንዲያ ሆኖ ነበር። አንዳንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ አንዳንዱ የሆድ ትል ነው ይላል። ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ቢልሃርዚያ ነው ተባለ።

ቢልሃርዚያ በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል ነው። ስሙ የተወሰደው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ከሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ትሉን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ወደ ውሃው ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና ውሃ ውስጥ ወደሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ይገባል። እዚያ ውስጥ ይራባል፤ አንድ የገባው ብዙ ሺህ ሆኖ ይወጣል። የወጣው በውሃው ላይ እየዋኘ ሰው ይፈልጋል። እግሩን ውሃ ውስጥ ያስገባ ልጅ ካገኘ በቆዳው ይገባል። መጠጣት አያስፈልግም፤ መቆም ይበቃል። ከዚያ ወደ አንጀት ወይም ወደ ፊኛ ደም ሥር ይሄድና ለዓመታት እንቁላል ይጥላል፤ ጉበትን ያበላሻል። እዚሁ ሳዑዲም በጂዛንና በአሲር በኩል የታወቀ በሽታ ነበር። ወደዚህ ስንመጣ ሰገራና ሽንት ስጡ የተባልነው ለሌላም ለሌላም ነው፤ ግን እንዲህ ያለውንም ለማየት ነው።

አሁን ልብ በሉ። በዚህ መንገድ ላይ ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ የሚራባበት ቤት የለውም። ቀንድ አውጣውን ያጠፋ በሽታውን ግማሽ መንገድ ላይ ቆረጠው ማለት ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ጅጅጋ ነው። አሜሪካ ሄደው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩና እ.ኤ.አ. በ1964 አገራቸው ተመለሱ። ገና 30 ዓመት አልሞላቸውም። በዚያው ዓመት ስለ ቢልሃርዚያ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ወንዙን እየተከተሉ ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ውሃው ላይ የሞተ ቀንድ አውጣ ተንሳፏል። ከሚያጥቡበት በላይ ግን ቀንድ አውጣው በሕይወት አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን አልፎት ይሄድ ነበር። ስንት የተማረ ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል። እሳቸው ግን በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጨምሪበት አሏት። ጨመረችበት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህን ታሪክ በተናገርኩ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ወደዚያች ሴት ነው። ጎንበስ ብላ የሰው ልብስ ስታጥብ የነበረች ሴት። ስሟ በመጽሐፋችን ላይ አልነበረም። እንዶዱን ማን ወቀጠው፣ ምን ያህል ውሃ ማን ጨመረበት፣ መቼ አረፋው እንደሚበቃ ማን ያውቅ ነበር? እሷ ናት። ዶክተሩም ይህን አልደበቁም፤ ግኝቱ ከሴቶቹ ዕውቀት የተነሳ መሆኑን እየደጋገሙ ይናገሩ ነበር። እኔ ለዚህ ነው የማከብራቸው። ማዳም ቤት ስንት ነገር ከእኛ ተምሮ "እኔ ነኝ የሠራሁት" የሚል እንግዳ ፊት ስናሳልፍ ለኖርን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንዶድ ለምን ይገድላል? ፍሬው ውስጥ ሳሙና የሚመስል ነገር አለ፤ ሳይንቲስቶቹ ሳፖኒን ይሉታል። አያቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያነጡበት አረፋ እሱ ነው። ይኸው ነገር ቆሻሻውን ከጨርቅ እንደሚያላቅቅ ሁሉ የቀንድ አውጣውን ሥጋም ያፈርሰዋል። የደም ሕዋስንም ያፈርሳል። ዓሣም ይገድላል። እንዶድ የወቀጠች ሁሉ ታውቀዋለች፤ ዱቄቱ ሲቦን ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል። አሜሪካ ካሊፎርኒያ በሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ገዳዩን ነገር ለይተው ሲያወጡት በዶክተሩ አባት ስም "ለማቶክሲን" ተባለ። ቶክሲን ማለት መርዝ ማለት ነው። አያችሁ? ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ስሙን ሲያወጡለት መድኃኒት አላሉትም፤ መርዝ ነው ያሉት። ያችን ሌሊት ይህን ባውቅና አስቀድሜ በነገርኳት እላለሁ።

ዶክተር አክሊሉ ተመልሰው በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚባለው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን አቋቋሙ። ዛሬ ተቋሙ በስማቸው ይጠራል። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ አምስት ዓመት ሙሉ ሞከሩት። የተፈጨ እንዶድ ተመጥኖ ወንዙ ውስጥ ይጨመራል፣ ቀንድ አውጣው ይቆጠራል፣ የልጆቹ ሰገራ ይመረመራል። ሲጀምሩ ከትንንሾቹ ሕፃናት ግማሹ፣ 50 በመቶው ማለት ነው፣ ቢልሃርዚያ ነበረበት። ሲጨርሱ 7 በመቶ ሆነ። ወንድሜን ሳስብ ይህ ቁጥር ያስለቅሰኛል።

አሁን ትሉ፣ ታዲያ ዓለም ተደሰተና እንዶድን በየወንዙ አዳረሰ። አይደለም። በዚያን ጊዜ ለቀንድ አውጣ የሚሸጥ ባይሉሳይድ የሚባል የጀርመን ኬሚካል ነበረ፤ ውድ ነው፤ ድሃ አገር እየገዛ በየወንዙ ሊያፈስሰው አይችልም። እንዶድ ግን አጥር ላይ ይበቅላል። ሆኖም አድዋ ላይ አፍሪካውያን የሠሩትን ጥናት ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቶሎ አልተቀበሉትም። ለዓሣ ምን ያደርጋል፣ ለከብት ምን ያደርጋል፣ ለሰው ምን ያደርጋል የሚለው በውጭ አገር ላቦራቶሪ እንደገና ይረጋገጥ ተባለ። ዓመታት አለፉ። ዶክተሩ በዚህ በጣም ያዝኑ ነበር፤ የአፍሪካ ሳይንቲስት ያየው ነገር ፈረንጅ እስኪያየው እንዳልታየ ይቆጠራል የሚል ቅሬታቸው የታወቀ ነው።

እኔ በዚህ ነገር ሁለት ልብ ነኝ። ንቀቱ ንቀት ነው፤ እናውቀዋለን፣ በየቀኑ እንኖርበታለን። ግን ጥያቄው ራሱ ትክክል ነበር። "ሰው ላይ ምን ያደርጋል?" ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። ከላይኛው ፎቅ ያለችው እህታችን ያልጠየቀችው እሱን ነው።

ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ ሌላ ኢትዮጵያዊ ደግሞ የእንዶድን ዓይነቶች ከየአገሩ ሰብስበው እያበቀሉ፣ የትኛው ብዙ ፍሬ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ቀንድ አውጣን እንደሚበረታበት ለዓመታት አጠኑ። ከሁሉ የተሻለ ያሉት "ዓይነት 44" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ በአንድነት ስዊድን ውስጥ የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለ ሽልማት ተቀበሉ። ሰዎች አማራጩ ኖቤል የሚሉት ነው። እህታችን "የተሸለሙበት" ያለችው ይህን ነው።

የቀረው ታሪክ አጭር ነው፣ ግን ያናድዳል። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በዚያ አካባቢ ያሉት ትልልቅ ሐይቆች ውስጥ ዚብራ መስል የምትባል ባለ ዛጎል ፍጥረት የውሃ ቧንቧ እየደፈነች አስቸግራ ነበር። እንዶድ ተሞከረባት፤ ገደላት። ዩኒቨርሲቲው ፓተንት፣ ማለት የባለቤትነት መብት፣ በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያስ፣ እንዶዱን ሲወቅጡ የኖሩት ሴቶችስ ድርሻቸው የታለ የሚል ትልቅ ክርክር ተነሣ። ዶክተሩ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ።

እህቶቼ፣ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ ሰው እንዶድ ጠጣ የሚል የለም። እንዶድ የገባው ወንዝ ውስጥ ነው። የገደለው ቀንድ አውጣ ነው። ቢልሃርዚያ የያዘው ሰው እንዶድ ጠጥቶ አይድንም፤ ለእሱ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለ፤ ወንድሜም የዳነው በእሱ ነው። "እንዶድ የቢልሃርዚያ መድኃኒት ነው" ብለን በአጭሩ ስንናገር ነው ነገሩ የተበላሸው። ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ወንዙም ቀንድ አውጣውም ተረስቶ "መድኃኒት" የሚለው ቃል ብቻ ይደርሳል። በየመንደሩ ደግሞ ሴቶች በድብቅ እንደሚጠጡት ሁላችን የሰማን ነን፤ ያልተነሣችውን ግን አናወራም።

አርብ ዕለት አንዲት እህት እጇን አውጥታ "ከተፈጥሮ የመጣ ነገር እኮ አይጎዳም፤ የሚጎዳው የፋብሪካው ነው" አለች። ይህ አባባል አሁን በየስልካችን ይመጣል። በውጭ አገርም ብዙ ተከታይ ያለው ነው። ከጀማሪዎቹ አንዱ ሰባስትያን ክናይፕ የሚባል የጀርመን ካቶሊክ ቄስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1821 እስከ 1897 የኖረ። ተማሪ ሳለ ሳምባውን ታመመ። በቀዝቃዛ ውሃ ስለ መታከም የሚናገር አሮጌ መጽሐፍ አገኘና በክረምት ዳኑብ ወንዝ ውስጥ እየነከረ ሮጦ ይወጣ ጀመር። ዳነ። ከዚያ ለሌሎች በውሃ፣ በቅጠል፣ በቀላል ምግብ፣ ጠዋት ጤዛ ላይ በባዶ እግር በመሄድ ያክም ነበር፤ በ1886 ያሳተመው መጽሐፍ በየአገሩ ተነበበ። ተከታዩ ቤኔዲክት ላስት ወደ አሜሪካ ወስዶት "ናቹሮፓቲ"፣ የተፈጥሮ ሕክምና፣ የሚለውን ስም በሰፊው አስተዋወቀው።

ከቄሱ ትምህርት ጥሩ ነገር አለበት። ንጹሕ ውሃ፣ እንቅልፍ፣ በእግር መሄድ፣ ቀላል ምግብ ማንንም አይጎዳም፤ እኛ የምናጣውም እሱን ነው። ግን አስቡት፤ እሱ ዳኑብ ወንዝ ውስጥ ሲነከር ዳነ። እኛ በባዶ እግራችን ቦርከና ውስጥ ገብተን ታመምን። ያም ተፈጥሮ ነው፣ ይህም ተፈጥሮ ነው። ቀንድ አውጣውም ትሉም የፋብሪካ አይደሉም።

ኮሶን እንኳ ውሰዱት። ጥሬ ሥጋ ስለምንወድ ኮሶ ትል አገሩን ሞልቶት ነበር፤ የዛፉ አበባ ተፈጭቶ በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ ትሉ ይወጣል። በእውነት ይሠራል። ትልቁም ትንሹም በየሁለት ወሩ ይጠጣ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው "የኮሶ ሻጭ ልጅ" ብለው ይሰድቧቸው ነበር ይባላል። ግን ሲበዛ ኮሶ ዓይን ያጠፋል፤ ነፍሰ ጡርን ይጎዳል፤ ሰውም የሞተበት አለ። ቀድመው የነበሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ የሚመጥን ሰው ነበራቸው። እኛ ግን መድኃኒቱን በፌስታል አስመጥተን መጣኙን አገር ቤት ትተነዋል። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር፤ ለቀንድ አውጣ ያልኳችሁ ባይሉሳይድና ኮሶን ያስቀረው የኮሶ ክኒን ንጥረ ነገራቸው አንድ ነው፤ ኒክሎሳማይድ ይባላል። አንዱ ነገር ወንዝ ውስጥ በአንድ መጠን፣ ሆድ ውስጥ በሌላ መጠን ተለክቶ ይሰጣል። ልዩነቱን የሚያመጣው ልኩ ነው።

ይህን ስል እኔ ብልህ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። እኔም ራሴን አንድ ጊዜ አሳብጃለሁ። ባብ መካ ገበያ ወርዳችሁ የምታውቁ የአጣሮቹን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ፤ በጆንያ የተደረደረ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የሲድር ቅጠል፣ መፋቂያ። ከዚያ መካከል ሰና መኪ የሚባል ደረቅ ቅጠል አለ። የመካ ሰና ማለት ነው። ከጥንት ጀምሮ በዚህ በጅዳ ወደብ በኩል ወደ ሩቅ አገር የሚላክ የታወቀ ቅጠል ነው። የማዳም እናት ሆዷ ሲደርቅ አልፎ አልፎ በቁንጥጫ አፍልታ ትጠጣዋለች። ቤተሰቡ ለዑምራ መካ ሲሄድ እኔ መግባት ስለማልችል እዚህ ከአሮጊቷ ጋር እቀራለሁ፤ እሷ ናት ያሳየችኝ።

የቤቱ ልጅ "ወፍረሻል" ብላ ሳቀችብኝና ቅጠሉን ለራሴ ገዛሁ። በቁንጥጫ ሳይሆን በእፍኝ፣ አልፎ አልፎ ሳይሆን በየማታው፣ ሦስት ሳምንት ጠጣሁት። ጊዜው ረመዳን ነበር፤ ሥራው ሌሊትና ቀን የለውም። ሆዴ ይሄዳል፣ እኔም ከሳሁ ብዬ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ልብስ ስተኩስ እግሬን ቁርጥማት ያዘኝ፣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ፣ ካውያውን እንደያዝኩ ወደቅሁ። ሙስተውሰፍ ወስደው ደሜን ሲያዩት ፖታሲየም የሚባለው ጨው ወርዷል አሉ። ሆድ ሲበዛ ሲሄድ ከውሃው ጋር እሱም ይወጣል፤ እሱ ከቀነሰ ደግሞ ልብ ሥራውን ይስታል። የወጣልኝ ስብ አይደለም፤ ውሃና ጨው ነው። ከሳምንት በላይ አይጠጣም፣ ያውም በጥቂቱ፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ሐኪም ሳትጠይቅ አትንካው። ረመዳን የሚሸጠውን ኢርቅ ሱስ የሚባለውን ጥቁር መጠጥም ደም ግፊት ያለባችሁ ተጠንቀቁት፤ ሲበዛ ግፊት ይጨምራል።

ዳማከሴ ለጉንፋን፣ ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ፣ ጦስኝ ለሻይ፣ እነዚህን ተዉ አልልም። እኔም እጠጣለሁ፤ የእናቴ ቤት ይሸተኛል። ከባዱ ነገር ሲመጣ ነው የምለው። ሰው ስትታመም በዱቄት አትለፉ። ሰላሳ ደቂቃ ሳይቆይ የሚያስመልስ፣ ደም ያለበት ተቅማጥ፣ የማያቋርጥ ደም፣ ራስን መሳት ከመጣ 997 የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ነው። 937 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ነው፤ ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ፣ ስለ መድኃኒትም መጠየቅ ይቻላል። አረብኛ የምትችለዋ ለማትችለዋ ትደውልላት።

ሐኪም ፊት ደግሞ የጠጣችሁትን ንገሩ። ለምን እንደጠጣችሁት መናገር ካስፈራችሁ እሱን ተዉት፤ ምን እንደጠጣችሁ፣ ስንት እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን ንገሩ። ያችን ሌሊት ማዳሟ ተነሥታ መጀመሪያ ጮኸች፤ ኋላ ግን ሹፌሩን ቀሰቀሰችና ሆስፒታል ተወሰደች። ሐኪሙ ሲጠይቃት "የማታው ሩዝ ነው" አለች። ጉሉኮስ ሰጥተው ጠዋት ሊያስወጧት ነበር። እኔ በዋትሳፕ ለመንኳት። የእንዶዱን ፎቶ ከስልኬ ላኩላትና ለአንዲት ሱዳናዊት ነርስ አሳየቻት። ነርሷ አየችና ምንም ሳትናገር ሐኪሙን ጠራችው። ደሟንና ኩላሊቷን እንደገና መረመሩ፤ ሁለት ሌሊት ጨምረው አቆዩአት። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። ከዚያ ወዲያ ዳነች፤ አሁን አገሯ ናት።

ስትሄድ የተረፈውን እንዶድ ለእኔ ሰጠችኝ። "ጣይው" አለችኝ። አልጣልኩትም። ለፋሲካ ነጠላችንን አጠብኩበት። ጣቴን እንዳይልጠኝ ጓንት አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በጠበጥኩት፤ አያቴ ታደርግ እንደነበረው አረፋው እስኪነሣ አሸሁት። በታይድ ስንት ጊዜ አጥበን አልለቅ ያለን ነጠላ ወተት መሰለ። እጣቢውን ሳሎን ካለው የማዳም ዓሣ ገንዳ አርቄ፣ ሽንት ቤት ደፋሁና ሁለት ጊዜ ውሃ ለቀቅሁበት።